አርዌን የመገበው ማን ነው?

በአገራችን ስለ እባብ ግጥም መጻፍ ከሁሉ የቀለለ ሥራ ሆኗል፡፡ ወዳጅ ሲከዳ እባብ ይባላል፤ ሹም ሲጨቁን እባብ ይባላል፤ ፍቅረኛ ፊቷን ያዞረች እንደሆነም ከነምላሷ እባብ ትሆናለች፡፡ ገጣሚው ብዕሩን ሳያነሣ ምሳሌው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ አንባቢውም ስንኙን ሳይጨርስ መጥላቱን ይጨርሳል፡፡ እኔ በባንክ መስኮት የምውል ሰው ነኝና በሙያዬ ቋንቋ ብናገር፣ ይህ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መፈረም ነው፡፡ ቼኩ ሲታይ ያምራል፤ ወደ መስኮቱ ይዘውት ሲመጡ ግን ከጀርባው ምንም የለም፡፡

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ እዚሁ ማራኪ በወር አንድ ጊዜ በምንሰባሰብበት የግጥም ምሽት የተነበበ አንድ ግጥም ነው፡፡ ጸሐፊው ወዳጄ ስለሆነ ስሙን አላነሣም፤ ስንኙንም አልጠቅስም፡፡ ሐሳቡ ግን ይህ ነው፡፡ በሰው አገር የሚኖር አንድ ያበሻ ልጅ እባብ ገዝቶ ያሳድጋል፤ ለእባቡም ከሱቅ የተገዛች፣ በረዶ ሆና የከረመች የሞተች አይጥ በሞቀ ውሃ እያለዘበ ያቀርብለታል፡፡ አያቶቹ በጦር የወጉትን ጠላት የልጅ ልጅ በመቆንጠጫ ያጎርሰዋል፡፡ እባቡ ማደን፣ ልጁም መታገል ተረስቷቸው ሁለቱም በአንድ የመስታወት ሣጥን ዙሪያ ተዋርደው ይኖራሉ፤ አገር ቤት ደግሞ ወገን ይራባል፡፡ ጭብጨባው ደማቅ ነበር፡፡

ልጁ የእኅቴ ልጅ ነው፡፡ ነገሩን ለወዳጄ የነገርኩት ቡና ስንጠጣ ለጨዋታ ያህል ነበር፡፡ «በግጥም መልስ ስጥ» አሉኝ በዕለቱ የነበሩት፡፡ እኔ ግን በስድ ንባብ መመለሱን መረጥሁ፤ በመልሴ ውስጥ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስላለበት ለቤት መምቻ አይመችም፡፡

እስቲ ወዳጄ ሳያውቅ ከተሳለቀበት ሥራ ልጀምር፡፡ ልጁ ዕድሜው ዐሥራ አራት ነው፤ የሚኖረው ሚኒሶታ ነው፡፡ የገዛው እባብ በሳይንስ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ የሚባለው ነው፤ ንጉሣዊ ዘንዶ እንበለው፡፡ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ድረስ ይገኛል፤ መርዝ የለውም፡፡ ንጉሣዊ መባሉን አትመኑ፤ ሲፈራ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ራሱን መሐል ላይ የሚደብቅ ዐይናፋር ፍጥረት ነው፡፡ ይህ ልጅ እባቡን ቤት ካስገባ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል በእጁ አልነካውም፤ ምግብም አላቀረበለትም፡፡ አዲስ ቤት የገባ እባብ ደንግጦ ስለሚሰነብት ቢያቀርቡለትም አይበላም፡፡ የሣጥኑን አንድ ጥግ 32 ዲግሪ ገደማ አሞቀ፤ ሌላውን ቀዝቀዝ አደረገ፡፡ እባብ እንደ እኛ ከውስጡ የሚያመነጨው ሙቀት ስለሌለው ከውጭ ካልሞቀ የዋጠው አይፈጭለትም፤ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና ያስታውከዋል፡፡

ቀጥሎ ወደ አይጧ መጣ፡፡ ከእባቡ ገላ ወፍራሙን ቦታ በዐይኑ ለክቶ ከዚያ ብዙ የማትወፍር መረጠ፡፡ ከፍሪዘር አውጥቶ ሌሊቱን በፍሪጁ ታችኛ ክፍል አሳደራት፡፡ በማግስቱ በረዶው ሲለቅ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ከሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀመጣት፡፡ ማይክሮዌቭ አልተጠቀመም፤ በማይክሮዌቭ ሥጋው ገሚሱ ይበስላል፣ ገሚሱ በረዶ እንደሆነ ይቀራል፣ ሆዷም ሊፈነዳ ይችላል፡፡ የአይጧ ገላ በሕይወት ያለ እንስሳ ያህል፣ 38 ዲግሪ ገደማ፣ እስኪሞቅ ጠበቀ፡፡ ይህ እባብ በከንፈሩ ዳር በተደረደሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ሙቀትን «ያያል»ና የቀዘቀዘች አይጥ ፊቱ ብትቀመጥ ለእርሱ ድንጋይ ናት፡፡ ከዚያ መብራቱን ቀንሶ በረጅም መቆንጠጫ ይዞ፣ ከእጁ አርቆ፣ አቀረበላት፡፡

እባቡ ፊቱን አዞረ፡፡

ልጁ አይጧን አንሥቶ ጣላት፤ አንድ ጊዜ በረዶዋ የለቀቀ አይጥ ተመልሳ ፍሪዘር አትገባም፡፡ ሳምንት ቆይቶ ደገመ፤ እባቡ አሁንም እምቢ አለ፡፡ የእኅቴ ልጅ በዚያ ሌሊት ደውሎ «ጋሼ፣ በረሃብ ይሞትብኝ ይሆን?» ሲለኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፡፡ እኔ ስለ እባብ የማውቀው ከተረት ነበርና ለመልሱ ሳነብ አመሸሁ፤ ይህ ዝርያ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ወራት ሙሉ ሊጾም እንደሚችል ያን ጊዜ ተማርኩ፡፡ በሦስተኛው ሙከራ ወሰዳት፡፡ ልጁም ለሁለት ቀን አልነካውም፤ ከበላ በኋላ ቢያስጨንቁት ይተፋዋልና፡፡ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ እባብም ሆነ አይጥ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሕዋስ ሊሸከሙ ይችላሉ፡፡

አንድ ነገር ልጨምር፡፡ አይጦቹ በመጀመሪያ የተቀመጡት እኅቴ እንጀራና በርበሬ በምታስቀምጥበት ፍሪዘር ውስጥ ነበር፡፡ ያ ቀን በቤቱ ታሪክ የሚረሳ አይደለም፡፡ ልጁ ክረምቱን የጎረቤቶቹን በረዶ እየዛቀ ባገኘው ገንዘብ ያገለገለች ትንሽ ፍሪዘር ገዛ፡፡ ወዳጄ «መታገል የተረሳው» ያለው ይህን ልጅ ነው፡፡

አሁን ወደ ክርክሩ፡፡ «እባብ አዳኝ ነው፤ ሕያው አይጥ ይሰጠውና ተፈጥሮው ያድርስበት» የሚለው አስተያየት ሲሰሙት የተፈጥሮ ጠበቃ ይመስላል፡፡ ነገር ግን በሣጥን ውስጥ ተፈጥሮ የለም፡፡ በዱር አይጧ መሸሻ፣ እባቡም መሄጃ አለው፡፡ በሣጥን ውስጥ ሁለቱም መውጫ የላቸውም፡፡ እባቡ ያልራበው እንደሆነ የራባት አይጥ ትነክሰዋለች፤ ጀርባውን ቦርቡራ አጥንቱን ያወጣች፣ የገደለችም አለች፡፡ አይጧም ብትሆን ሞቷን እየጠበቀች በፍርሃት ስትርበደበድ ሰዓታት ታሳልፋለች፡፡ እንግዲህ ከዚህ ትርዒት የሚጠቀመው ማን ነው? እባቡ አይደለም፤ ለእርሱ የሞቀችና የምትሸት ትሁን እንጂ መሞቷ ግድ አይሰጠውም፡፡ አይጧ አይደለችም፡፡ የቀረው ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ የሚያየው ነው፡፡ «ተፈጥሮ» የተባለው የእኛ የተመልካቾች አምሮት ነው፡፡

ጎንደር የቀረርቶና የፉከራ አገር ናት፤ ይህን ለወዳጄ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፡፡ ፉከራ ግን ሕግ አለው፡፡ የሚፎክር ሰው የሚፎክረው እርሱ ራሱ ደርሶ በጣለው ግዳይ ነው፤ ሌላው በጣለው የፎከረ መሳቂያ ይሆናል፡፡ ጅራቷን ይዞ አይጥ ሣጥን ውስጥ የሚወረውርና እጁን አጣጥፎ የሚመለከት ሰው በየትኛው ግዳይ ይፎክራል? እባብን በሕይወቱ ሦስት ጊዜ እንኳ አይቶ የማያውቅ ገጣሚስ?

የግጥሙ መነሻ ሐሳብ፣ ማለትም እባብን መመገብ ጠላትን መመገብ ነው የሚለው፣ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከአርዌ፡፡ ከንግሥተ ሳባ በፊት አገሪቱን ገዛ የሚባለው ያ ዘንዶ በየጊዜው ከብትና ልጃገረድ ይገበርለት ነበር፡፡ በጨርቅ ላይ እየተሣለ በሚሸጠው፣ በየሱቁ በምናየው ታሪክ ውስጥ ሰዎች ተሰልፈው ግብሩን ሲያቀርቡ ይታያሉ፡፡ እኔ ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አንድ ጥያቄ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም፤ አርዌን የመገበው ማን ነው? የቱ ልጃገረድ እንደምትሄድ የመረጠው፣ እጇን ይዞ የወሰዳትና አድርሶ የተመለሰው ማን ነው? ዘንዶው መጥቶ ደጃፍ አልቆረቆረም፡፡ ሕያው ግብር የሚያቀርቡለት፣ ዳር ቆመውም የሚያዩ ሰዎች ነበሩ፡፡

አርዌን ስለገደለው አንጋቦም እንነጋገር፡፡ በአንዱ የተረቱ መልክ አንጋቦ ዘንዶውን የጣለው በጦር አይደለም፤ መርዝ ያበላትን ፍየል አቅርቦለት ነው፡፡ ሌላው ሲፎክርና ሲፈራ፣ እርሱ ዘንዶው ምን እንደሚበላና እንዴት እንደሚበላ ያጠና ሰው ነበር ማለት ነው፡፡ ወዳጄ የልጁን አያቶች ጦረኞች አደረጋቸው፤ ተረቱ ግን በመጋቢው እጅ ነው ያለቀው፡፡ (ፍየሏን ማንም አልገጠመላትም፡፡ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እመለስበታለሁ፡፡)

ሥነ ጽሑፋችን ለእባብ ያለው ቂም ከአርዌ ጋር አላበቃም፡፡ እፉኝትን ውሰዱ፡፡ ጽንሶቿ የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ፣ እናቲቱም ትሞታለች የሚለውን ያልገጠመ ማን አለ? የሚያስገርመው ይህ ከአያቶቻችን ምልከታ ብቻ የመጣ አለመሆኑ ነው፤ ከግሪክ ወደ ግእዝ በተመለሰው በፊሳልጎስ ውስጥ ይገኛል፡፡ እውነቱ ግን ብዙዎቹ የእፉኝት ወገኖች እንደ ሌላው እባብ ዕንቁላል ጥለው አይሄዱም፤ ሕያው ጫጩቶች ይወልዳሉ፡፡ እናቲቱም ወልዳ በሰላም መንገዷን ትቀጥላለች፡፡ ስንት ዘመን ሙሉ «የእፉኝት ልጅ» ብለን ስንሳደብ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንዲትን እፉኝት ቢመግብና እስክትወልድ ቢጠብቅ ኖሮ ስድቡ ባለቀ ነበር፡፡

አሁን ቀልዱን ትቼ ወደሚያንገበግበኝ ልግባ፡፡ ከዚህ ከደጋው፣ ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከበለሳ፣ በየክረምቱ ወጣቶች ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ አብደራፊ ቆላ ይወርዳሉ፡፡ በባዶ እግራቸው ወይም በላስቲክ ጫማ ይሠራሉ፤ መሬት ላይ ይተኛሉ፡፡ እባብም ይነድፋቸዋል፡፡ በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ከካላዛር ሕሙማን ጎን በእባብ የተነደፉትን ሲያክሙ ቆይተዋል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ እንደሚነደፉ፣ ከእነርሱም ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆኑት እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከዚያ የሚበልጡት ደግሞ እጅና እግራቸውን ያጣሉ ወይም ዕድሜ ልክ ጉዳተኛ ሆነው ይቀራሉ፡፡ ድርጅቱ የእባብ ንድፍን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው ገና በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፡፡

መድኃኒቱ ደግሞ ከእባቡ ከራሱ ይመጣል፡፡ እባቡ ይያዛል፣ በሣጥን ይኖራል፣ ይመገባል፤ በየጊዜው መርዙ ይታለባል፡፡ ያ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ ይወጋል፤ የፈረሱ ደም ከመርዙ ጋር መታገልን ይማራል፤ ከደሙ የተጣራው ፀረ መርዝ የተነደፈውን ሰው ያድናል፡፡ ፈረንሳዊው አልቤር ካልሜት በ1890ዎቹ የጀመረው፣ የብራዚሉ ቡታንታን ተቋም ከ1901 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋው ሥራ መሠረቱ ዛሬም ይኸው ነው፡፡ ፀረ መርዝ ደግሞ ለእያንዳንዱ ወገን የተለየ ነው፤ የአንድ አገር እባብ መርዝ የወለደው መድኃኒት የሌላውን ላያክም ይችላል፡፡ እንግዲህ በጎጇቸው ተቀምጠው የሚታለቡ እባቦች ምን ይበላሉ? በዘመናዊ የእባብ ቤቶች በአብዛኛው የሚቀርብላቸው ያችው በረዶዋ የለቀቀች አይጥ ናት! ያውም በመቆንጠጫ፤ ይሄኛው እባብ ይገድላልና፡፡

እኛ የምንጠቀምበት ፀረ መርዝ ከውጭ የሚመጣ ነው፡፡ ለአፍሪካ እባቦች ይሠራ የነበረውን ፋቭ-አፍሪክ የተባለ ፀረ መርዝ ሳኖፊ የተባለው ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻው ምርትም በ2016 ጊዜው አለፈ፡፡ አያዋጣም ተብሎ ነው፡፡ በባንክ ስሠራ «አያዋጣም» የሚለውን ቃል በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ እንደዚህ ግን አጥንቴ ድረስ ተሰምቶኝ አያውቅም፡፡ የሚያዋጣ የሚሆነው የሚነደፈው ሰው ገንዘብ ቢኖረው ነው፤ የሚነደፈው ግን የወገራ አራሽ ልጅ ነው፡፡

የዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ግጥም ነው አልልም፡፡ የምለው ይህን ነው፤ እባብን ማወቅን እንደ ክህደት፣ መመገብን እንደ ውርደት የሚያሳይ ሥነ ጽሑፍ ከተነዳፊው ወገን አይደለም፡፡ ከወጣቶቻችን አንዱ ነገ «የእባብ ቤት ከፍቼ መርዝ ማለብ እፈልጋለሁ» ቢል እናቱ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይሸሸዋል፣ ገጣሚ ይገጥምበታል፡፡ የእኛው ደጋ እፉኝት በሳይንስ የተመዘገበችው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቦኸመ ባቀረበው ጽሑፍ ነው፤ የተገኘችውም በመቱና በበደሌ መካከል ነው፡፡ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዱር አትገኝም፡፡ ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በግለሰቦች ሣጥን ትኖራለች፤ ትራባለች፤ ቀለሟ ይደነቃል፡፡ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከባሌ ተራሮች ከሐረና ደን ሌላ ዘመዷ ስም ተሰጣት፡፡ ከአንባቢዎቼ ስንቱ ያውቃታል? ከዱር እየተያዙ ለሽያጭ የሚጋዙበትን ንግድ አልደግፍም፤ ያ ዝርፊያ ነው፤ የእኅቴን ልጅም ከመግዛቱ በፊት በቤት የተፈለፈለ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ነግሬው አረጋግጧል፡፡ ነገር ግን የአገራችንን እፉኝት የባዕድ አገር ጎረምሳ አመጋገቧን ጠንቅቆ ሲያውቅ፣ እኛ ስድብ ብቻ ይዘን መቅረታችን ሊያሳፍረን ይገባል፡፡

በየቀኑ የምናልፈውን እንኳ አናይም፡፡ ከማራኪ ወደ ፒያሳ ስትሄዱ በየመድኃኒት ቤቱ ሰሌዳ ላይ በጽዋ ዙሪያ የተጠመጠመ እባብ ታያላችሁ፡፡ ብዙ ሰው መርዙን ከጽዋው የሚተፋ ይመስለዋል፡፡ ምልክቱ የሃይጂያ ነው፤ የግሪኮች የጤና አምላክ የነበረችው ይህች ሴት በሐውልቶቿ ላይ የምትታየው እባብን ከእጇ ጽዋ ስትመግብ ነው፡፡ የመድኃኒት ምልክት አድርገን የሰቀልነው እባብ ሲመገብ የሚያሳይ ሥዕል ነው ማለት ነው፡፡ በጉርሻ ለምንታወቅ ለእኛ ይህ እንዴት ይጠፋናል?

ስለ ረሃብ የተባለውን አጭር መልስ ልስጠው፡፡ በ2023 እ.ኤ.አ. በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናቡ ሲቀር፣ ከሚኒሶታ ገንዘብ የላከችው የዚህ ልጅ እናት ናት፤ ልጁም በረዶ ዝቆ ካገኘው አዋጥቷል፡፡ ግጥሙን ያነበበው ወዳጄ ያን ጊዜ ምን እንዳዋጣ አላውቅም፤ አልጠየቅሁትም፤ አልጠይቀውምም፡፡ የተራበን ሰው ግን የስንኝ ማድመቂያ ማድረግ ሕያው አይጥ ወደ ሣጥን ከመወርወር ብዙም አይርቅም፤ እዚያም እዚህም የሚጠቀመው ተመልካቹ ነው፡፡

ባለፈው ምሽት ይህን ሁሉ በቃል ስናገር ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጡረተኛ መምህር ብቻ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁኝ፡፡ «ልጄ፣ ሁሉንም ተናገርክ፡፡ አይጧንስ ማን ገደላት?»

መለስሁላቸው፡፡ ለእባብ ቀለብ ተብለው በሚረቡበት ቤት በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይለቀቅባቸዋል፤ ቀስ ተብሎ ከተለቀቀ ቶሎ ራሳቸውን ይስታሉ፤ ከዚያም በረዶ ይሆናሉ፡፡ በእባቡ ጥርስ ከመሞት የከፋ አይመስለኝም፤ ንጹሕ ነው ግን አልልም፡፡ ልጁም ይህን ያውቃል፤ አንድ ቀን ራሱ ጠይቆ አንብቦታል፤ ያን ሳምንት ሥጋ አልበላም ብሎ እናቱን አስቸግሯታል፡፡

መምህሩ ጥቂት ዝም ብለው ወደ ወዳጄ ዞሩ፡፡ «እንግዲያው አንተ ልጅ፣ እባቡን ተወውና ስለ አይጧ ጻፍ» አሉት፡፡ ወዳጄም ለሚቀጥለው ወር አመጣለሁ ብሏል፡፡